ሱቁ የማይቆጥረው ሰዓት፦ ኮንቪኒየንስ ስቶር ለምትሠሩ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር አበሻ ጋዝ ስቴሽንና ኮንቪኒየንስ ስቶር ባዕድ አይደሉም። ወይ ራሱ ሠርቶባቸዋል፣ ወይ የሚሠራ ዘመድ አለው። አዲስ ለመጣ ሰው በሩ ቶሎ ይከፈታል። ልምድ ብዙም አይጠየቅም፤ ሌሊትም ቅዳሜና እሑድም ሰው ይፈለጋል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሰዓት ነው፦ ሥራው ጊዜን በየት በየት በኩል እንደሚወስድ፣ የተወሰደውን ደግሞ እንዴት ማስቆም ወይም ማስከፈል እንደሚቻል።

የተለመደው ቀን በሦስት ሽፍት ይከፈላል፦ ከጠዋቱ 6 እስከ 2፣ ከ2 እስከ ማታ 10፣ ከ10 እስከ ንጋት 6 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስኬጁሉ ላይ 8 ሰዓት ይጻፋል። በተግባር ግን የሚረከበው ሰው ሎተሪና ሲጋራ ለመቁጠር 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ የሚያስረክበው ሒሳብ ለመዝጋት 25 ደቂቃ ይቆያል፣ መሐል ላይ ደግሞ ለምሳ ተብሎ 30 ደቂቃ ይቆረጣል፤ ምሳው ግን በአንድ እጅ እየተበላ በሌላው ደንበኛ ይስተናገዳል። ሲደመር በቀን 65 ደቂቃ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ 5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ባለው ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሰዓት 12.77 ዶላር ብናሰላው 69 ዶላር ገደማ ነው። ሰውየው የሳምንቱን 40 ሰዓት ቀድሞ ከሞላ ግን ያ ጊዜ በአንድ ተኩል ስለሚታሰብ 104 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በየሳምንቱ።

ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ለቀጣሪው ጥቅም የተሠራ፣ ቀጣሪው የሚያውቀው ወይም ሊያውቀው የሚገባ ሥራ ሁሉ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። ሎተሪ መቁጠር ሥራ ነው። ሒሳብ መዝጋት ሥራ ነው። «ክሎክ አውት አድርገህ (የመውጫ ሰዓትህን መዝግበህ) ጨርስ» የሚለው ትእዛዝ በየሱቁ የተለመደ ስለሆነ ትክክል አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልማድ ይሄ ይሁን፦ ቆጠራ ከመጀመራችሁ በፊት ክሎክ ኢን፣ ገንዘቡ ሴፍ (ካዝና) ውስጥ ከገባ በኋላ ክሎክ አውት።

ሒሳብ አዘጋግ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጊዜ የሚበላውም ሰው የሚያጣላውም እሱ ነውና። ቀመሩ አንድ ነው። ድሮወሩ (የካሽ ሬጅስተሩ መሳቢያ) በጠዋት የያዘው ገንዘብ፣ ሲደመር በካሽ የተሸጠ፣ ሲደመር ከሎተሪ ማሽን የተሸጠ፣ ሲደመር ስክራች (ተፍቆ የሚታየው የሎተሪ ቲኬት)፤ ከዚያ ላይ ለሎተሪ አሸናፊ የተከፈለ፣ ለአቅራቢ በካሽ የተከፈለና ሴፍ ውስጥ የተጣለ ይቀነሳል። በቁጥር እንየው። ድሮወሩ በ150 ዶላር ተከፈተ። ሪፖርቱ 1,240 ዶላር የካሽ ሽያጭ ያሳያል። የሎተሪ ማሽኑ 310፣ ስክራቹ 285 ሸጧል። ለአሸናፊዎች 220፣ ዳቦ ላመጣው ሰው 60 ተከፍሏል። ሴፍ ውስጥ 1,500 ተጥሏል። ድሮወሩ ውስጥ መገኘት ያለበት 205 ዶላር ነው። ከዚያ ካነሰ ጎድሏል፣ ከበለጠም ደስ አይበላችሁ፤ የበለጠ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ሳይመዘገብ የቀረበት ቀን ነው፣ በማግስቱ ጉድለት ሆኖ ይመጣል።

የሚሳሳተው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ስክራች ላይ። እያንዳንዱ ጥቅል ከ000 ይጀምራል፤ የሚቆጠረውም ፊት ለፊት ያለው፣ ገና ያልተሸጠው ቲኬት ቁጥር ነው። ባለ 20 ዶላሩ በ012 ተረክባችሁ በ019 ካስረከባችሁ 7 ተሽጧል፣ 140 ዶላር። በሽፍታችሁ ውስጥ አዲስ ጥቅል ከተከፈተ ግን ሁለት ቦታ ይቆጠራል። 30 ቲኬት ያለው ጥቅል በ027 ጀምሮ ካለቀ 3 ሸጣችኋል (027፣ 028፣ 029)። አዲሱ 004 ላይ ከቆመ ሌላ 4። ድምሩ 7 ነው። ይህን ያልለየ ሰው 4ቱን ብቻ ይመዘግብና ድሮወሩ ያለ ምክንያት 60 ዶላር ይበልጥበታል። ሌላው ወጥመድ ድርብ ቆጠራ ነው። ስክራቹን በካሽ ሬጅስተሩ የሚመዘግብ ሱቅ አለ፣ የማይመዘግብም አለ። ሬጅስተሩ ላይ ተመዝግቦ እንደገና በእጅ ከተደመረ ያልገባ ገንዘብ ይጠየቃል። አዲስ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ስክራቹ የካሽ ሽያጩ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ነው?» የሚል ይሁን።

ሁለት ሰው በአንድ ድሮወር ከሠራ ጉድለቱ የማን እንደሆነ በምንም መንገድ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ድሮወር፣ ወይም ቢያንስ የራሱ መግቢያ ቁጥር ያስፈልጋል። ኩለር (የመጠጥ ማቀዝቀዣውን ክፍል) ልትሞሉ ስትሄዱ ስክሪኑን ቆልፉ። ቁጥራችሁን ለባልደረባ አትስጡ፣ ወንድማችሁም ቢሆን። ስትረከቡ ደግሞ ያለው ሰው ሳይሄድ አብራችሁ ቁጠሩ። «አምነሃለሁ፣ ሂድ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ 40 ዶላር ጎድሎ ሲገኝ ግን ሁለታችሁንም ያቀያይማል።

ጎደለ እንበል። ባለቤቱ ከደሞዝ መቁረጥ ይችላል? በፌዴራሉ ሕግ የካሽ ጉድለት ክፍያችሁን ከሕጋዊው ዝቅተኛ ደሞዝ በታች የሚያወርድ ወይም ኦቨርታይማችሁን (በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው የሚከፈለውን አንድ ተኩል) የሚነካ ከሆነ አይቆረጥም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፦ እንዲህ ያለ ቅነሳ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት አይደረግም። ችግሩ ያ የጽሑፍ ስምምነት ብዙ ጊዜ ስትቀጠሩ በሚሰጣችሁ የወረቀት ክምር ውስጥ መኖሩ ነው። ቶሎ ቶሎ አስፈርመው ካሜራውን ሊያሳዩአችሁ ሲነሱ ትንሽ አስቁሟቸው። «ሾርቴጅ» (ጉድለት) ወይም «ዲዳክሽን» (ቅነሳ) የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት አንብቡ፣ ኮፒውን በስልክ አንሱ።

ጉድለት ሁልጊዜ የቆጠራ ስህተት አይደለም። አንዳንዱ ሐሰተኛ ብር ነው፣ የለመደ በሚመስል ቀልጣፋ ደንበኛ የሚመጣ። በሐሰተኛ ኖት መለያው እስክሪብቶ ብቻ አትተማመኑ። እስክሪብቶው የሚለየው ወረቀቱን ነው፣ የታጠበ የ5 ዶላር ኖት ላይ 100 ቢታተምበት ወረቀቱ እውነተኛ ስለሆነ ያልፋል። ኖቱን ወደ ብርሃን ያዙ። መቶው ላይ የሚታየው ጥላ የፍራንክሊን መሆን አለበት፤ ሊንከን ከታየ አምስት ዶላር ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት የመቶው ክር ሮዝ፣ የሃያው አረንጓዴ፣ የአምስቱ ሰማያዊ ያበራል። ከ2013 ወዲህ የወጣው መቶ ደግሞ ሲነቃነቅ ምስሉ የሚንቀሳቀስ ሰማያዊ ጥብጣብ አለው። ሌላው የስልክ ሌባ ነው። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው፣ ሲስተሙን እየሞከርን ስለሆነ ጊፍት ካርድ ጫንና ቁጥሩን አንብብልኝ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ማናጀር በሌለበት ሰዓት፣ የማናጀሩን ስም ጠርቶ። ምንም ዓይነት መሥሪያ ቤት የካርድ ቁጥር በስልክ አያስነብብም። ዝጉትና ማናጀሩን ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉለት።

ወደ ሰዓት እንመለስ። ኦቨርታይም የሚቆጠረው በሳምንት ነው፣ በሁለት ሳምንት አይደለም። ክፍያ በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ብቻ «80 ሰዓት አልሞላህም» የሚል ባለቤት አለ። አንድ ሳምንት 50፣ ቀጣዩን 30 የሠራ ሰው ድምሩ 80 ቢሆንም 10 ሰዓት ኦቨርታይም አለው። በሰዓት 15 ዶላር ለሚከፈለው፣ የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ ማለት ነው፣ ልዩነቱ 75 ዶላር ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሁለት ሱቅ ጉዳይ ነው። አንድ ባለቤት ሁለት ወይም ሦስት ጋዝ ስቴሽን አለው። እያንዳንዱ በሌላ ኩባንያ ስም ተመዝግቧል። ሠራተኛው እዚህ 30 ሰዓት፣ እዚያ 25 ሰዓት ይሠራል፤ ሁለት ቼክ ይወስዳል፣ ሁለቱም ከ40 በታች። ስኬጁሉን የሚያወጣው አንድ ሰው ከሆነ፣ ባለቤትነቱ የጋራ ከሆነ፣ ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ አስፈላጊነቱ የሚላክ ከሆነ፣ ሕጉ ሁለቱን እንደ አንድ ቀጣሪ ሊያያቸው ይችላል። ያኔ 55 ሰዓት ነው፣ 15ቱ ኦቨርታይም። ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ስኬጁሉ የተላከበትን የጽሑፍ መልእክት አታጥፉ።

«ማናጀር አድርጌሃለሁ፣ ከአሁን ጀምሮ ሳላሪ ነህ (በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ ደሞዝ)» የሚለውም አለ። ስም ብቻውን ኦቨርታይም አያስቀርም። ሳላሪው በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ በሳምንት 684 ዶላር መሆን አለበት፣ ዋና ሥራውም ማስተዳደር መሆን አለበት፣ ቢያንስ ሁለት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የሚያክል ሰው መምራት አለበት፣ በመቅጠርና በማሰናበት ላይም ቃሉ ክብደት ሊኖረው ይገባል። ቁልፍ ይዞ፣ በሳምንት 60 ሰዓት ካሽ ሬጅስተር ላይ ብቻውን የሚቆም ሰው ማናጀር ቢባልም ካሸር ነው።

በካሽ መከፈል ራሱን ችሎ ወንጀል አይደለም። ችግሩ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። በእጅ የሚገባው ብር በዛሬው ቀን የበለጠ ይመስላል። ሶሻል ሴኩሪቲ የጡረታ አበል ለመስጠት 40 ክሬዲት፣ ማለትም በትንሹ 10 ዓመት የተመዘገበ ሥራ ይጠይቃል። በዓመት ማግኘት የሚቻለው 4 ክሬዲት ብቻ ስለሆነ ያለፈው በኋላ ተጨምሮ አይካካስም። በ2025 አንዱን ክሬዲት ለማግኘት 1,810 ዶላር የተመዘገበ ገቢ ይበቃ ነበር። አምስት ዓመት በካሽ የሠራ ሰው 20 ክሬዲት ጣለ ማለት ነው። ሥራ ሲቋረጥ የሥራ አጥ ክፍያውም፣ ቤት ለመከራየት የሚጠየቀው የገቢ ማስረጃም እዚያው ላይ ይንጠለጠላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይቻልም። ብዙዎቻችን የምንሠራው ለአገር ልጅ ነው። ይሉኝታ አለ። «አምጥቶ ያስቀጠረኝ ሰው ላይ እንዴት ደቂቃ እቆጥራለሁ?» ይባላል። ደቂቃ መቁጠር ግን ክስ አይደለም። ባለቤቱም ቢሆን የፍራንቻይዝ ክፍያ፣ ኪራይ፣ የሌባ ጉዳት አለበት፣ ያ እውነት ነው፤ እሱ ግን የራሱን ወጪ በሳንቲም ይቆጥራል፣ ደግሞም ልክ ነው። የሠራተኛው ሰዓትም እንደዚያው ቢቆጠር ወዳጅነቱን የሚያበላሽበት ምክንያት የለም። የሚያበላሸው ሁለት ዓመት ዝም ተብሎ አንድ ቀን ሲፈነዳ ነው።

ዕረፍት። የፌዴራሉ ሕግ ለአዋቂ ሠራተኛ የምሳ ዕረፍት ስጡ አይልም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። የሚለው እንዲህ ነው፦ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚሰጥ አጭር ዕረፍት ይከፈልበታል። 30 ደቂቃ የምሳ ሰዓት ሳይከፈል መቅረት የሚችለው ሰውየው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ ብቻ ነው። ብቻውን ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሊለቀቅ አይችልም። ስለዚህ ብቻችሁን በምትሠሩበት ሽፍት ላይ ሲስተሙ ራሱ 30 ደቂቃ የሚቆርጥ ከሆነ ፔይ ስታቡን (ከቼኩ ጋር የሚመጣውን የክፍያ ዝርዝር) ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አስተያዩ። ሜሪላንድ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ቸርቻሪዎች የተለየ ሕግ አላት፦ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሠራ 15 ደቂቃ፣ ከ6 ሰዓት በላይ ለሚሠራ 30 ደቂቃ። ሽንት ቤትን በተመለከተ የሥራ ደኅንነት ደንቡ ሠራተኛ ሲያስፈልገው መሄድ መቻል አለበት ይላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስክሪኑን ቆልፋችሁ፣ «በ5 ደቂቃ እመለሳለሁ» የሚል ጽሑፍ ሰቅላችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ሂዱ። ውኃ ሳይጠጡ መዋል መፍትሔ አይደለም፤ ለኩላሊት ጠጠርና ለሽንት ቧንቧ ሕመም በር ይከፍታል።

ስለ ጉልበቱ ባጭሩ። 24 ጠርሙስ ውኃ ያለበት እሽግ ከ12 ኪሎ በላይ ነው፣ አራት ጋሎን ወተት የያዘ ሳጥን ወደ 16 ኪሎ። ኩለር ከጀርባ ነው የሚሞላው፤ አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ወደ ፊት። ከባዱን ከጉልበትና ከደረት መሐል ባለው መደርደሪያ አድርጉ፣ ቀላሉን ከላይ። ጃኬት ያዙ፤ 40 ደቂቃ በ36 ዲግሪ ፋረንሃይት ውስጥ በላብ ገብቶ መቆም ወገብን ይይዛል። አቅራቢ ሲመጣ ደረሰኙ ላይ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። ደረሰኙ 12 ሳጥን ይላል፣ መሬት ላይ 11 አለ፣ ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ያ አንዱ ሳጥን በወሩ መጨረሻ «የጠፋ እቃ» ተብሎ የእናንተ ሽፍት ላይ ይጻፋል።

መታወቂያ ማየት ካሸሩን በግሉ የሚያስጠይቅ ሥራ ነው። ሲጋራ፣ ቬፕና ቢራ 21 ዓመት ይጠይቃሉ። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ለትምባሆ ነክ ዕቃ ዕድሜው ከ30 በታች የሚመስል ሰው ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ አለበት። በእኛ አካባቢ ከ21 ዓመት በታች ላሉት የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በዚህ ወር 21 ሞልቶት ሊሆን ስለሚችል ቀኑን አንብቡ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአነስተኛ ዕድሜ መጠጥ መሸጥ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም የሚመጣው በሸጠው ሰው ላይ ነው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ለሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያው ቨርጂኒያ ከሌሊቱ 12 እስከ ጠዋቱ 6 ቢራና ወይን ከሱቅ አይሸጥም፤ 11፡58 ላይ ተሰልፎ የቆመ ሰውም ሒሳቡ ሳይከፈል 12 ካለፈ አይሸጥለትም። የፉድ ስታምፕ ካርድም እንዲሁ፦ ትኩስ ምግብ፣ ሲጋራና መጠጥ አይገዛበትም፣ በካሽ መለወጥ ደግሞ ወንጀል ነው። «ባለቤቱ አድርግ ብሎኝ ነው» የሚለው መልስ ማንንም አያድንም።

የሌሊት ሽፍት ሁለት አደጋ አለው፣ ሌባና እንቅልፍ። ስለ ሌባ ፍሎሪዳ ያወጣችው ሕግ ዝርዝር የትም ላለ ሱቅ ጥሩ መለኪያ ነው፦ ድሮወር ውስጥ ከ50 ዶላር የማይበልጥ ካሽ፣ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ በሩ ላይ፣ ገንዘብ የሚጣልበት ሴፍ፣ ድምፅ የሌለው ማንቂያ፣ በሩ አጠገብ የቁመት ምልክት፣ ከውጭ ወደ ካሽ ሬጅስተሩ የሚያሳይ መስኮት፣ በቂ የፓርኪንግ መብራት፣ ካሜራ። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የማያስወጡት ሁለቱ በሠራተኛው እጅ ናቸው። ሃያውን ዶላር እንደገባ ሴፍ ውስጥ ጣሉ፣ «ሲበዛ እጥለዋለሁ» አትበሉ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የቢራ ማስታወቂያ ካሽ ሬጅስተሩን ከጋረደ እንዲነሳ ጠይቁ፤ ከመንገድ የማይታይ ካውንተር ሌባ የሚመርጠው ነው። ቆሻሻ ከጨለመ በኋላ በጀርባ በር አይወጣም፤ ከ10 በፊት የነበረው ሽፍት ያውጣው። ሌባ ከመጣ ደግሞ የጠየቀውን ስጡ፣ እጃችሁን አሳዩ፣ የምታደርጉትን ከማድረጋችሁ በፊት ተናገሩ («አሁን ድሮወሩን እከፍታለሁ»)፣ አትከተሉት። ሲወጣ በሩን ቆልፉ፣ 911 ደውሉ፣ የነካውን ዕቃ አትንኩ።

እንቅልፉ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። ከሌሊት 10 እስከ 6 የሚሠራ ሰው የመጨረሻ ቡናውን ከሌሊቱ 1 ወይም 2 ሰዓት በኋላ ባይጠጣ ይሻለዋል። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ንጋት 5 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ጠዋት 8 ሰዓት አልጋ ላይ አብሮ ይተኛል። ወደ ቤት ሲሄዱ የፀሐይ መነጽር አድርጉ፤ የጠዋት ብርሃን አንጎልን «ነግቷል» ይለዋል። መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ዝጉ፣ ስልኩን አጥፉ፣ አገር ቤት ላሉት ቤተሰቦች የሚደወልበትን ሰዓት ለይታችሁ ንገሯቸው። አዲስ አበባ ከእኛ በአሜሪካ ዊንተር 8፣ በሰመር 7 ሰዓት ስለምትቀድም ጠዋት 8 ላይ ስንተኛ እዚያ ቀኑ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስልኩም የሚጮኸው ያኔ ነው። መኪና እየነዳችሁ ዓይናችሁ ከከበደ መስኮት መክፈትና ዘፈን ማስጮህ አይረዳም። ሱቁ ፓርኪንግ ውስጥ 20 ደቂቃ ተኝታችሁ ሂዱ።

ማታ 11 ዘግቶ ጠዋት 6 መክፈት ብዙ ሰው ይፈረድበታል። መንገዱና ምግቡ ሲቀነስ ለእንቅልፍ የሚቀረው አራት ሰዓት ገደማ ነው። የፌዴራል ሕግ በሽፍቶች መሐል የሚኖር የዕረፍት ሰዓት አይወስንም። ስለዚህ መደራደር የሚቻለው ስኬጁል ከመውጣቱ በፊት ነው፣ በጽሑፍ፦ «ከ10 ሰዓት ያነሰ ልዩነት ያለው ሽፍት አትመድቡኝ» ብሎ። ሽፍት መቀያየር ግድ ከሆነ ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት የሚሄደው አቅጣጫ ከግልባጩ ይልቅ ለሰውነት ይቀላል። ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ሁለት ነገር አላችሁ፦ ተጠርታችሁ መጥታችሁ «ሥራ የለም» ከተባላችሁ ቢያንስ የ4 ሰዓት ክፍያ (መደበኛ ሽፍታችሁ ከዚያ ካነሰ የእሱን ያህል)፣ ሽፍታችሁ መሐሉ ተቆርጦ ሁለት ከተከፈለ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ በዝቅተኛው ደሞዝ፣ ይህም ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው።

ሕመም ሲመጣ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሠራ እያንዳንዱ 30 ሰዓት አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀማል፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት። ቀጣሪው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ይከፈልበታል፤ ካነሰ ሳይከፈል ይሰጣል። ዲሲ ውስጥ እንደ ሠራተኛው ብዛት ይለያያል፤ ከ25 በታች ሠራተኛ ባለው ሱቅ ለ87 ሰዓት አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ 3 ቀን። ፔይ ስታቡ ላይ ካልታየ ጠይቁ።

በዓልስ? ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንድ ዓመት 20)፣ ፋሲካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጁ የተለየ ቀን ነው፣ ዒድም በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ቀኑ ቀድሞ ይመጣል። ባለቤቱ ፈረንጅ ወይም ሕንዳዊ ከሆነ እነዚህን ቀኖች አያውቃቸውም፣ ሊያውቃቸውም አይጠበቅበትም። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ግን ለሃይማኖት የሚጠየቅን ፈቃድ ሥራውን ከባድ ወጪ የማያስወጣ እስከሆነ ድረስ ማስተናገድ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023፣ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ፣ «ትንሽ ወጪ ያመጣብኛል» የሚለው የቀጣሪዎች ሰበብ በቂ እንዳልሆነ ወስኗል። አጠያየቁ እንዲህ ነው፦ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ በጽሑፍ፣ ቀኑንና የሃይማኖት በዓል መሆኑን ገልጾ፣ የሚተካ ሰው ስም ጨምሮ። የሚተካው ሰው ታንክስጊቪንግ ወይም ዲሴምበር 25ን እንድትሠሩለት የሚፈልግ ቢሆን ይመረጣል፤ እነዚያን ቀኖች እኛ አንጠቀምባቸውም፣ እሱ ይፈልጋቸዋል፣ ልውውጡ ያለ ክርክር ያልቃል። ጾም የያዘ ሰው ደግሞ ኩለርና ከባድ እቃን ከመፍታቱ ሰዓት በኋላ ቢያደርግ፣ ካልሆነም ሽፍቱ ሲጀምር ቢጨርስ ይሻላል።

መዝገቡን እንዴት መያዝ እንዳለባችሁ በአንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ የገባችሁበት ሰዓት፣ የወጣችሁበት ሰዓት፣ በእውነት የተቀመጣችሁበት የዕረፍት ደቂቃ፣ የየትኛው ሱቅ። በስልክ ማስታወሻ ወይም በደብተር፣ በየቀኑ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ከትዝታ የተጻፈ መዝገብ ዋጋው ይቀንሳል። መጀመሪያ ባለቤቱን በሰላም አሳዩት፣ ብዙው እዚያው ያልቃል። ካላለቀ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የደሞዝ ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ አይጠይቁም። በፌዴራል ሕግ ወደ ኋላ መጠየቅ የሚቻለው 2 ዓመት፣ ቀጣሪው እያወቀ ካደረገው 3 ዓመት ነው፤ እያንዳንዱ ያለፈ ሳምንት ከኋላ አንድ ሳምንት ይቆርጣል። ስለጠየቃችሁ ማባረር ወይም ሰዓት መቀነስ ክልክል ነው።

ሥራውን ስትለቁ የመጨረሻው ቼክ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በቀጣዩ የክፍያ ቀን መድረስ አለበት። ዲሲ ውስጥ ከተባረራችሁ በማግስቱ የሥራ ቀን (የቀጣሪውን ገንዘብ ይይዝ ለነበረ ሰው ግን ሒሳቡ እስኪጣራ እስከ 4 ቀን)፣ ራሳችሁ ከለቀቃችሁ በቀጣዩ የክፍያ ቀን ወይም በ7 ቀን ውስጥ፣ የቀደመው። ቁልፍና ዩኒፎርም ስትመልሱ የተረከበው ሰው ይፈርምላችሁ። ቤት ከቀየራችሁ አዲሱን አድራሻ ለሱቁ በጽሑፍ ስጡ፤ ደብሊው ቱ (ለታክስ የሚያስፈልገው የዓመቱ የደሞዝ ወረቀት) እስከ ጃንዋሪ 31 ይላካል፣ ወደ ድሮው ቤት ከሄደ ታክስ የምታሠሩበት ሰሞን ማናጀር ፍለጋ ትዞራላችሁ።